አስራ አንድ ደንበኛ የመለሰው ቦርድ

«እዚያ ስትደርስ እንደማታውቀኝ ሁን» አለኝ ታናሽ ወንድሜ፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ። ፊቱን እንኳ ወደ እኔ አላዞረም። ጢሙን እየተላጨ ነበር፤ ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው። እኔ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ቧንቧው እስኪለቀቅልኝ። በአስራ ሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ፤ በዚያ ቤት ግን ወረፋ የምጠብቀው እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም እሱ «ሥራ» ይሄዳል፣ እኔ የምሄደው «ሱቅ» ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ሁለታችንም የምንሄደው ወደ አንድ በር ነበር። «አንድ ቤት አድረን ነው የማላውቅህ?» አልኩት። «ለአንተው ብዬ ነው። ዘመድ እንዳለህ ካወቁ አይቀጥሩህም፤ ደንብ ነው» አለና ምላጩን አራግፎ ወደ ክፍሉ ገባ። እንዲህ ያለ ደንብ መኖሩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ማስታወቂያው ላይ አልነበረም፤ ማስታወቂያውን ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ይዤዋለሁ።

ድርጅቱ የውሃ ፓምፕ፣ የጄኔሬተርና የሊፍት መቆጣጠሪያ ቦርድ ይሠራል። ቦርዱ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቺፕ አለች፤ ቺፗ ውስጥ ፕሮግራም ይጻፋል፤ ፕሮግራሙ ሞተሩ መቼ እንደሚነሳ፣ መቼ እንደሚጠፋ ያዝዛል። ስክሪን የለው፣ ቁልፍ የለው፤ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ሲበላሽ ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ አንድ ጀማሪ ይፈልጋሉ። «ዲግሪ፣ ወይም በተግባር ፈተና የሚረጋገጥ ችሎታ» ይላል። ያቺን «ወይም» ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልናገርም። በሕይወቴ ያየኋቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ «እና» ነበሩ፤ ዲግሪ እና ልምድ፣ ልምድ እና ዋስ፣ ዋስ እና መንጃ ፈቃድ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። የሳይንስ አስተማሪያችን «የአንተ እጅህ እንጂ ጭንቅላትህ አይሠራም» ብሎኝ ክፍሉ በሙሉ ስቆብኛል፤ የሳቁትን እስከ ዛሬ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፣ ሁለቱ መኪና አላቸው። ከዚያ ወዲህ ሃያ አራት ዓመት የሰው ሬዲዮ፣ የሰው ቴሌቪዥን፣ የሰው ስልክ ስፈታ ኖሬያለሁ። ሰፈሩ «ሬዲዮ» ነው የሚለኝ። ስሜን የምታውቀው እናቴና መታወቂያዬ ናቸው።

ፕሮግራም መጻፍ የት ተማርክ ለሚለኝ፣ ከወንድሜ ደብተር ነው። እሱ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የቤት ሥራውን ይዞ ይመጣል፤ ቦርዱን ሲያየው ያዛጋዋል፤ እኔ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ፊደሉን ከደብተሩ ገለበጥኩ፣ ያልገባኝን በሙከራ አገኘሁት፤ ስንት ቺፕ አቃጥዬ። የመመረቂያ ሥራውን እኔ ሠራሁት። እዚሁ ድርጅት ያስቀጠረውን ፈተና፣ ቤት ወስደህ በሦስት ቀን ሥራ ብለው የሰጡትን፣ እሱ ሦስቱንም ቀን ጥፍሩን ሲበላ ከረመ፣ እኔ ሠራሁት። ከተቀጠረም በኋላ ቦርዱ በቦርሳ እየመጣ፣ ፕሮግራሙ ተጽፎ በቦርሳ ይመለስ ነበር። ሰነፍ ነው አልልም፤ ይፈራል። አንድ ነገር እምቢ ሲለው ጥፋቱን አይፈልግም፣ ማን እንዳየው ነው ዞሮ የሚያየው። ከሁለት ወር በፊት ማስታወቂያውን አሳይቼው «ልወዳደር ነው» ስለው የቦርሳውን ዚፕ ዘጋና «ጥሩ» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቦርሳው ቦርድ አልመጣም። ለምን አላመጣህም አላልኩትም፤ ለምን ትወዳደራለህ አላለኝም። እንዲህ ነው ቤታችን።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። የውስጡ የእሱ ነው፤ የፊተኛው የእናቴ አልጋና ከመጋረጃ ወዲህ ያለችው የእኔ ጠረጴዛ ናት። ከጠረጴዛዬ በላይ የምርቃት ፎቶው ተሰቅሏል፤ ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ፣ በውሃ ልክ ለክቼ። እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት። የአንድ ወር ክኒኗ የእኔን የሁለት ሳምንት ገቢ ጥርግ አድርጎ ይበላል፤ ነገር ግን ከእኛ ኪስ አንከፍልም። የወንድሜ ድርጅት ለሠራተኛ ወላጅ የሕክምና ካርድ ይሰጣል። ካርዱ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ራስጌዋ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከፎቶው ይልቅ እሱን ነው አቧራውን የምትጠርገው። ስወጣ ሸሚዜን አስተካከለችልኝ፤ የወንድሜ አሮጌ ሸሚዝ ነው፣ ክንዱ ላይ ይጠበኛል። «በርታ እሺ» አለችኝ፤ ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ብቻ ልጄን እንዳታሳፍርብኝ» አለች። ልጄን አለች። እኔም ወጣሁ።

አንድ አውቶቡስ ውስጥ ነው የገባነው። እሱ ከፊት ተቀመጠ፤ እኔ፣ እንደ ታዘዝኩት፣ ኋላ ሄጄ ከጎማው ጉብታ በላይ ያለው ወንበር ላይ ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። ትኬት ቆራጯ እሱ ዘንድ ስትደርስ ዞር ብላ አየችኝ፤ መልካችን አንድ ነው፣ ግንባራችንን ያየ አይሳሳትም። «ለሁለት ነው?» አለችው። «ለአንድ» አላት። እኔ ዘንድ ስትመጣ ሳንቲሙን ቆጥሬ ሰጠኋት። «ተጣልታችሁ ነው?» አለችኝ እየሳቀች። «አንተዋወቅም» አልኳት። «እኔም ከእህቴ ጋር እንደሱ ነን» ብላ ትኬቱን ቀደደችልኝ።

ድርጅቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ተበላሽቶ «ይቅርታ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። የሊፍት ቦርድ የሚሠራ ቤት! በደረጃ ወጣሁ። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል የመስታወት ግድግዳ፣ በሌላ በኩል አግዳሚ ወንበር። አግዳሚው ላይ አራት ተወዳዳሪዎች ተደርድረዋል፤ የሁሉም ጫማ ተወልውሏል፣ የሁሉም እጅ ላይ ፋይል አለ። ሁሉም የወንድሜ እኩያዎች ናቸው። አንደኛው፣ መነጽር ያደረገው፣ ገና እንዳየኝ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ጋሼ፣ መጸዳጃ ቤቱ በየት ነው?» አለኝ። «እኔም እንግዳ ነኝ» አልኩት። «ኦ፣ ይቅርታ፤ ልጅ አድርሰው ነው?» «ልፈተን ነው።» አራቱም ዞረው አዩኝ። ጉንፋን የያዛት አንዲት ልጅ በመሐረቧ ውስጥ ሆና «እሰይ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ዕድሜዬ ነበር» አለች፤ ሳቁ። ቦታ ግን የለቀቀችልኝ እሷ ነች። ደግ ልጅ ትመስላለች። በዚያች ሰዓት ግን አልወደድኳትም፤ ማንንም አልወደድኩም።

ለአንድ ሰው አርባ ደቂቃ ይሰጣል። ተራው በምዝገባ ስለሆነ የመጨረሻው እኔ ነኝ። እየገቡ ሲወጡ ፊታቸውን አያለሁ። መነጽሩ «የማይሆን ነገር ነው፤ እነሱ ራሳቸው ያላገኙትን ነው የሚጠይቁት» ብሎ ፋይሉን እያራገበ ወረደ። ጉንፋናሟ ስትወጣ መሐረቧን ለሁለት አጠፈች፣ ለአራት አጠፈች፣ «መልካም ዕድል» ብላኝ ሄደች። ምሳ ሰዓት አለፈ። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ እግሬን አስነስታ ሥሩን ወለወለች። በመስታወቱ በኩል ወንድሜ ሁለት ጊዜ አለፈ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስልኩን እያየ ነበር፤ ስልኩ ግን ጠፍቷል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው።

የፈተናው ክፍል ውስጥ ሦስት ሰው ነበር። የቴክኒክ ክፍል ኃላፊዋ፣ አጠር ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች ሴትዮ፤ የሠራተኛ አስተዳደሩ ሰውዬ፣ ቅጽና ማኅተም ይዞ ጥግ ላይ የተቀመጠ፤ ሦስተኛው ወንድሜ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ላፕቶፕ፣ ከጀሪካን ውሃ የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ፣ ውሃው የሚገባበት ባልዲ፣ ባልዲው ውስጥ የውሃውን ከፍታ የሚለካ ሴንሰር፣ ከሁሉ ጋር በገመድ የተያያዘ አንድ ቦርድ አለ። ኃላፊዋ እጄን ጨበጠችኝ። ወረቀቴን አየች። «ስምንተኛ ክፍል» ብላ አነበበች፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። «እኛ ዘንድ የሚፈተነው ወረቀቱ አይደለም፤ እርስዎ ነዎት። ይህን ቦርድ አስራ አንድ ደንበኛ መልሶልናል። አንዳንዴ ታንከሩ ሞልቶ እንኳ ፓምፑ አይጠፋም፤ ውሃው በጣሪያ ይፈሳል። አጥፍተው ሲያበሩት ይድናል። ሁለት ወር ፈለግን፣ አላገኘነውም። ምክንያቱ ይኼ ሊሆን ይችላል የሚል አሳብ ከሰጡኝ ይበቃኛል።» ከዚያም በእጅዋ ወንድሜን አመለከተችኝ። «ፕሮግራሙን የጻፈው እሱ ነው። ያልገባዎት ነገር ካለ ይጠይቁት።»

ተቀመጥኩ። ፕሮግራሙ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። ሦስት መስመር ሳላነብ አወቅኩት። የራሴ ነው። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ለነገሩ ሁሉ ስም የማወጣው በራሳችን ቋንቋ ነው፣ በላቲን ፊደል፤ ወንድሜ አብዛኛውን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሮታል፣ የቤት ዕቃ እንደሚቀባ ሰው። አንዷን ግን ረስቷታል፤ ወይም ምን እንደምትሠራ ስላልገባው መንካት ፈርቷል። «አለሁ» ትላለች። ቺፗ ውስጥ ዘበኛ የሚባል ቆጣሪ አለ። ፕሮግራሙ ሥራውን በጨረሰ ቁጥር «አለሁ» ካላለው፣ ዘበኛው «ፕሮግራሙ ሞቷል» ብሎ ሁሉን ነገር ያጠፋና ከመጀመሪያው ያስነሳል። እኔ ያቺን መስመር ያስቀመጥኳት ከሁሉ መጨረሻ ነበር፤ ውሃው ተለክቶ፣ ሞተሩ ታይቶ፣ ሁሉ ደህና ሲሆን ብቻ እንድትጠራ። አሁን ግን እዚያ የለችም። ወንድሜ አንስቶ፣ ፕሮግራሙ ቢደርቅም ባይደርቅም በየሰኮንዱ በራሱ የሚመታው የቺፗ ሰዓት ውስጥ ከትቷታል። ለምን እንደከተታት ወዲያው ገባኝ። ባለፈው ዓመት ለደንበኞች ሲያሳይ ቦርዱ ደጋግሞ እየጠፋ እየተነሳ እንዳዋረደው ነግሮኝ ነበር። «የሴንሰሩን ገመድ እየው፣ ላልቶ ይሆናል» ብዬው ነበር። ገመዱን አላየም፤ ዘበኛውን ዝም አሰኘው። ስለዚህ ገመዱ ሲላላ ፕሮግራሙ የሴንሰሩን መልስ እየጠበቀ እዚያው ደርቆ ይቀራል፣ ሰዓቱ ግን በየሰኮንዱ «አለሁ» ይላል። አንድ ሰው አልጋው ላይ ሞቶ፣ ጎረቤቱ በመስኮት «ደህና ነው፣ ደህና ነው» እያለ እንደሚመልስለት ማለት ነው። ፓምፑም ይገፋል፣ ጣሪያውም ይፈሳል።

ቀና ስል ወንድሜ እያየኝ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ፊት ለፊት ሲያየኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ግንባሩ ላይ ላብ አለ። ምን እንደፈራ አውቃለሁ፤ አገኘው ብሎም፣ አጣው ብሎም ነው የፈራው። ለአንድ አፍታ፣ አላውቅም ብዬ መውጣት እንደምችል አሰብኩ። ከዚያ ያቺ «ወይም» ትዝ አለችኝ። ፓምፑን አስነሳሁ፤ ውሃው ወደ ባልዲው ሲወርድ የሴንሰሩን ገመድ በሁለት ጣቴ ነቀልኩት። ፓምፑ አልጠፋም። ውሃው በባልዲው አፍ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ የአስተዳደሩ ሰውዬ ቅጹን አንስቶ ዘለለ። ኃላፊዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ያቺን መስመር ከሰዓቱ ውስጥ አውጥቼ ወደ ድሮ ቦታዋ መለስኳት፣ ቺፗ ላይ ጫንኩት፣ ገመዱን ሰክቼ እንደገና ነቀልኩት። ዘበኛው ነቃ፣ ቦርዱ ጠፍቶ ተነሳ፣ ፓምፑ ቀጥ አለ። ክፍሉ ውስጥ ከጠረጴዛው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል።

«ስንት ደቂቃ ሆነ?» አለች ኃላፊዋ። «ዘጠኝ» አለ የአስተዳደሩ ሰውዬ። ሴትዮዋ ሳቀች፤ እንደ ልጅ፣ እጇን እያጨበጨበች። ገመዱን ራሷ ነቀለችው፣ ሰካችው፣ ነቀለችው። «ሁለት ወር!» አለች ወደ ወንድሜ ዞራ፤ «ሁለት ወር ሙሉ አፍንጫችን ሥር!» ወንድሜ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ማን ነው ያስተማረዎት?» አለችኝ። «ራሴ» አልኳት። «ሰኞ መምጣት ይችላሉ?» ሰኞ። «እችላለሁ» ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከዚያች ደቂቃ በፊት «መቼ ትመጣለህ» ያለኝ ሰው ቢኖር ሬዲዮው የተበላሸበት ነበር። እጄ እርጥብ ነበር፤ ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት። ደስታ ምን እንደሚመስል ማወቅ ለሚፈልግ፣ ከሞላ ጎደል አንድ ሻይ የሚጠጣ ሰው የሚቆይበትን ያህል ነው የቆየው።

የአስተዳደሩ ሰውዬ ቅጹን ጠረጴዛው ደረቅ ጎን ላይ ዘርግቶ ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የአባቴን ስም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የአያቴን ስም ስነግረው ብዕሩ ቆመ። ቀና ብሎ ወንድሜን አየው፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና ግንባራችንን አየ። «የአባትም የአያትም ስም አንድ ነው» አለ ለማንም ሳይሆን። «እናንተ ወንድማማች ናችሁ እንዴ?» ሁለታችንም ዝም አልን። ከጠዋት ጀምሮ ዝም ስንል የዋልነው ለዚህች ደቂቃ የተለማመድን ይመስል ነበር። የኃላፊዋ ፊት ላይ ያለው ሳቅ ወዲያው አልጠፋም፤ በዝግታ ነው የወረደው፣ ዓይኖቿ ቀድመው ከዚያ አፏ። «ለምን አልተናገራችሁም?» አለች። «ይህን ቦርድ ከዛሬ በፊት አይተኸዋል?» አለችኝ። አይተኸዋል አለች፤ ከእርስዎ ወደ አንተ የወረድኩት በአንድ የአያት ስም ነው።

አየሁት ማለት እችል ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። ማስረጃ ብትለኝ፣ የቱን መስመር ለምን እንዳስቀመጥኩት አንድ በአንድ እነግራት ነበር። ያን ቃል ምላሴ ላይ ይዤ ወንድሜን አየሁት። እሱ እንዲለው ነው የፈለግኩት። አንድ ጊዜ፣ በሰው ፊት፣ ከእሱ አፍ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም ብል ውሸት ይሆናል፤ ግን ከሥራው ይልቅ እሱን ነው የጠበቅኩት። ወንድሜ ወደ መሬት አየና ተናገረ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ስህተቱን ያገኘሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ለእሱ… ታላቄ ነው፣ ሥራ የለውም፣ አሳዘነኝ። ለፈተናው ይኼን ቦርድ እንዳዘጋጃችሁ ሳውቅ መልሱን ነገርኩት። መደበቅ አልነበረብኝም። እጠየቅበታለሁ።»

እኔ ሕይወቴን ሙሉ ብዙ ዓይነት ስድብ ሰምቻለሁ። በአንድ ንግግር ውስጥ ሥራዬንም፣ ጭንቅላቴንም፣ ድህነቴንም እንዲህ አድርጎ የጠቀለለ ግን አልሰማሁም። ደግሞ እንዴት አማረበት! ስህተቱን ያገኘው እሱ፣ አዛኙ እሱ፣ ሐቀኛው እሱ። ኃላፊዋ ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው?» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያች ቀን ወንድሜ ጠራኝ፤ «ጋሼ» አለኝ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ። ጋሼ የሚለኝ የሆነ ነገር ሲፈልግ ነው። የእናቴ ካርድ በዓይኔ መጣ። እውነቱን ብናገር እሱ ዛሬውኑ ይባረራል፤ ካርዱም አብሮ ይወጣል። እኔን ደግሞ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያታለላቸውን ሰው የረዳሁትን፣ ሰኞ ና የሚለኝ ማን ነው? ይህን ሁሉ ያሰብኩት ውሃው ሦስት ጊዜ እስኪንጠባጠብ ነው። «እውነት ነው» አልኳት።

ኃላፊዋ ላፕቶፑን ዘጋች። መቆጣት ፈልጋ ያቃታት ትመስላለች፤ ከንዴቷ ይልቅ ቅር ያላት ይበልጣል። ለወንድሜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው አዘዘች፤ «ስህተቱን ማግኘትህ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ለሥራ አስኪያጁ እነግረዋለሁ» አለችው። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። «ቢያንስ» አለ፣ «እጁ ጎበዝ ነው። ታች ብየዳ ክፍል ሰው ይጎድላል። ለቀን ሠራተኛ ደንቡ አይከለክልም።» አስቦበት ነው የመጣው ወይስ እዚያው መጣለት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኃላፊዋ ትከሻዋን ሰበቀች። የአስተዳደሩ ሰውዬ የጀመረውን ቅጽ ቀዶ፣ ከሥሩ ሌላ አጭር ቅጽ አወጣ። የሥራ ልምድ የሚል መስመር ነበረው። እኔን ሳይጠይቅ ሰረዝ አደረገበት።

ታች ወረድኩ። ብየዳ ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ የሚታየው የአላፊ አግዳሚ ጫማ ብቻ ነው። ስምንት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ በሁለት ረድፍ ተቀምጠው፣ በጋለ ካውያ የስታኞ ሽቦ እያቀለጡ የትንንሽ ዕቃዎችን እግር ከቦርድ ጋር ያጣብቃሉ፤ ጭሱን የሚስብ ማራገቢያ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የሚዞረው ወደ ውስጥ ነው። የክፍሉ አለቃ አንድ ባዶ ቦርድ ሰጥቶ አስሞከረኝ። ሠራሁለት። አገላብጦ አየው። «የት ነው የተማርከው?» አለኝ። «ሬዲዮ ቤት» አልኩት። «ይታያል። እዚህ ማሰብ አያስፈልግም፤ ፍጥነት ነው። ሰኞ ገና በጠዋት ና፤ በረፈደ ቁጥር ግማሽ ቀን ይቆረጣል።» ሽማግሌው ካውያውን ሳያስቀምጥ «መነጽር ገዝተህ ና ልጄ፤ እዚህ ዓይን አይበረክትም» አለኝ። በዕለቱ የሰማሁት እውነተኛ ቃል ይኸው ብቻ ነው።

በእግሬ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። አንድ ሰዓት ከሩብ ይወስዳል፤ ዳቦ ቤቱን፣ የጎማ ጠጋኞቹን፣ የተዘጋውን ሲኒማ ቤት አልፌ። የምላቸውን ሁሉ መንገድ ላይ አልኳቸው፤ ለኃላፊዋ፣ ለወንድሜ፣ ለሳይንስ አስተማሪዬም ጭምር። አንዲት ሴትዮ ብቻዬን ሳወራ አይታኝ መንገድ ተሻገረች። ቤት ስደርስ የምለው ሁሉ አልቆብኝ ነበር። ወንድሜ ቀድሞኝ ደርሷል፤ ጫማውን አውልቆ እናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ሻይ ይዟል፣ ለእኔም የተቀዳ ሻይ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ቀዝቅዞ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቷል። እናቴ ዓይኗ ቀልቷል። በስልክ ነግሯት ነበር፤ እየመጣ ሳለ፣ እኔ ሳልደርስ።

«ሰማሁ» አለችኝ። «ሁሉንም ሰማሁ። ለአንተ ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፉበት አሉ። እንጀራውን ሊያጣልህ ነበር እኮ!» ጫማዬን አወለቅኩ። «ፈተናውን እንኳ ራሱ ሠርቶ ሰጥቶህ… ከዚህ በላይ ወንድም ምን ያደርጋል? ደግሞ እንዲያም ሆኖ ሥራ ሳያስገኝልህ አልመጣም።» ወንድሜ የሻዩን ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ ውስጡን ያያል። ሊያስቆማት ይችል ነበር። አንድ ቃል፣ «ተይው እማዬ» ማለት ብቻ። ጠበቅኩት። ፎቁ ላይ የጠበቅኩትን ያህል ባይሆንም ጠበቅኩት። ከውጭ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፤ እኔ የጠገንኩት ነው፣ ዝቅተኛው ድምፅ አሁንም ይንኮሻኮሻል፣ ለሚቀጥለው ሳምንት አምጡልኝ ብያቸዋለሁ።

«አመስግነው እንጂ» አለች እናቴ፤ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «አፍ የለህም? ታላቅ ነህ ተብሎ ምስጋና ቀረ?»

ሻዬን አነሳሁ። አንድ ጉንጭ ጠጣሁለት። ወደ ወንድሜ ዞርኩና «አመሰግናለሁ» አልኩት።

ከብርጭቆው ላይ ቀና አላለም። ስኳሩን አማሰለ።

«ምንም አይደል» አለኝ።